ገዳይና ገዳም

ከሐዴራ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ፣
በነጭ ጭልፋ ቀዳሁ የረጋውን አተላ፤
ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ የቢምቢው እጭ ሁላ።
ሳብሪን ከመኪናው
"ፀሐይ ሳትፈጃቸው ቶሎ በይ" ስትለኝ
ሳቄ አመለጠኝ፤
ነገ ለምንገድለው ዛሬ ጥላ ይዘን
እንደ ሙሽራ ጭነን ቤተ ሙከራ ወሰድን።

ክንፍ ባወጡ ባራተኛው ቀን
ሃያ አምስት ሴቶች ካንድ ቱቦ አግብቼ፣
መርዝ በጠጣ ወረቀት ዙሪያውን አጥሬ፣
አንድ ሰዓት አቆይቼ፣
በስኳር ውኃ አሳድሬ፣
በማግሥቱ ቆጠርሁ።
ስድስቱ ወድቀዋል።
አሥራ ዘጠኙ ቆመው
የኋላ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለዋል፣
ጎረቤት እንዳልሞተበት ሰው።

ማታ ጊቫት ኦልጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
አባቴ ብርሌው ከበረንዳው ተቀምጦ
"ሞቱ?" ይለኛል።
ሰላምታው ይኸው ነው።

በጎልማሳነቱ፣ በደምቢያ ሜዳ፣
የወባ ማጥፊያ ረጪ ነበረ፤
ፓምፑ ከጀርባው፣ የዲዲቲው ሽታ ከጋቢው ያደረ።
ጎጆ በጨረሰ ቁጥር
ከበሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፋል፤
የራሱ በር አርባ አንድ ነበር።
የቄሱም፣ የሼኩም፣ የቀጥቃጩም ቤት
ለንዳድ አንድ ነው፤
ለፓምፑም አንድ ነበር።

"አልሞቱም" አልሁት።
"በሽታው ማን ይባላል?"
"የምዕራብ ዓባይ ትኩሳት።"
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ።
"ጣናን ጥለን፣ ሱዳንን አቋርጠን፣
ዓባይ እዚህ ድረስ በስሙ ተከተለን?"

ስማኝ አባ፤
ከስሜት ጅማቷ ላይ አንዲት በር አለች፣
ስትከፈት ስትዘጋ ክንፍ ታስመታለች።
መርዙ ይገባና በሯን ያግዳታል፤
መዝጊያው እንቢ ያለ ቤት
ነፋስ ሲያንቀጠቅጠው አድሮ ሲነጋ ይፈርሳል።
ያንተም ዲዲቲ፣ የኔም መድኃኒት
የሚገቡት በዚያችው በር ነው።

"ታዲያ?"

ያች በር የተጻፈችበት መጽሐፍ አለ፣
ባራት ፊደል ብቻ።
አንድ ቦታ ላይ "ተ ተ አ" ይል ነበር፤
አንዷ እናት ስትገለብጠው ተሳሳተችና
"ተ ተ ተ" ብላ ጻፈች፣ እንደ ተብታባ።
በዚያ ግድፈት የበሩ ቅርጽ ተለወጠ፤
መርዙ መያዣ አጣ።

"በአንድ ፊደል?"

በአንድ ፊደል።
"ገዳይ" ብለህ ጽፈህ
መጨረሻዋን በ"ም" ብትለውጣት
"ገዳም" አይደለችም?

ጠመኔ እንደያዘ ሁሉ ጣቱን ጉልበቱ ላይ አስኬደ፤
ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ።
"እኔ ነኛ ያስተማርኋቸው" አለ።

አይደለህም። ማንም አላስተማራቸውም።
ፊደሏ ካንተ ፓምፕ በፊት ነበረች፣
ከሺህ አንዷ ዘንድ፣ ምንም የማትረባ።
አንተ ስትረጭ ሌሎቹ አለቁ፤
የተረፉት ወለዱ።
ወንፊት መምህር አይደለም።

"ወንፊት" አለ። እንደ ጥሬ አኘካት።
ያላየኋትን ታላቄን እንዳሰበ ገባኝ፣
ኡም ራኩባ፣ ድንኳን ጥግ፣
ንዳድ በስድስት ቀን የወሰዳት የአራት ዓመት ልጅ።
"እሷስ ምን ፊደል ጎደላት?" ሊለኝ ነበር።
አላለኝም።
ያየር ማቀዝቀዣው ውኃ ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል፤
ተነሥቼ ደፋሁት።
የሙያ ልማድ ነው፤ የምሠራውም ሌላ ነገር አጣሁ።

አንዲት መጣች፣ ክንዱ ላይ ዐረፈች።
ሁለታችንም አየናት።
ያ ፓምፕ የያዘ መዳፍ፣ ያ ጠመኔ የያዘ፣
ቀስ ብሎ ተነሣ፤
ጧ!
ገልብጦ አየው፤ ደሙ የራሱ ነው።
"ለዚህኛው ገና ፊደል አላወጡለትም።
ስንት ነው ያልሽኝ የቀሩት?"
አሥራ ዘጠኝ።
"አሥራ ስምንት በያቸው።"